ከኢጋ ተራሮች እስከ ሲግናል፤ ስለ ኒንጃ ፊልም ጥቂት ታሪክ

የታሪክ ጸሐፊ ብዕሩን በሚያነሣበት ጊዜ አስቀድሞ በዓይነ ልቡናው የሚታየው የነገሥታት ዙፋን፣ የጦር ሜዳና የውል ሰነድ ነው። ይህም የሚገባ እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ሕዝብ የቀን ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በምን ይስቅ እንደ ነበረ፣ ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲወጡ ማንን ለመምሰል ይጫወቱ እንደ ነበረ የሚጽፍ ሰው ከታጣ፣ የዘመኑ ታሪክ ራስ እንጂ አካል የሌለው ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን አንዳንድ አንባብያን ቀላል ነገር ነው ሊሉት የሚችሉትን ጉዳይ እናነሣለን፤ ይኸውም በጥቂት ገንዘብ ይሠራ ስለ ነበረው የኒንጃ ፊልምና፣ ይህ ፊልም በየካ ክፍለ ከተማ በሲግናል ሠፈር ስለ ነበረው ክብር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ማስታወቅ ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በፊልሙ ላይ እንስቃለን። የምንስቀው ግን ባላጋራ በባላጋራው ላይ እንደሚስቀው አይደለም፤ የልጅ ልጅ በአያቱ አሮጌ ካፖርት ላይ እንደሚስቀው ነው፤ ብርድ ሲመጣ የሚደርበው ያንኑ ካፖርት ነውና። ስለ ዓመቱም ቁጥር፣ የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ግን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር አስቀምጠነዋል።

ኒንጃ የሚባለው ሰው በጃፓን አገር በእውነት የነበረ ነው። በጥንቱ አጠራር «ሺኖቢ» ይባል ነበር፤ ሥራውም ወደ ጠላት አገር ሠርጎ እየገባ ወሬ ማምጣት፣ ምሽግ መሰለል፣ አንዳንድ ጊዜም በሌሊት እሳት መለኮስ ነበረ። በዚህ ሙያ ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የተጠራው ኢጋና ኮጋ የሚባሉት ሁለት ተራራማ አውራጃዎች ናቸው። በ1579 የታላቁ የጦር አለቃ የኦዳ ኖቡናጋ ልጅ ኢጋን ለመያዝ ዘምቶ ድል ተመትቶ ተመለሰ። አባቱ ግን በ1581 እጅግ ብዙ ሠራዊት አሰልፎ ከብዙ አቅጣጫ ገባባቸውና አገራቸውን አጠፋው። ከዚህ በኋላ ዘመኑ ሰላም ሲሆንና የሙያው ባለቤቶች እያነሱ ሲሄዱ፣ ዕውቀታቸው ጨርሶ እንዳይረሳ በ1676 «ባንሰንሹካይ» የሚባል ሰፊ መጽሐፍ ተዘጋጀ።

አንባቢያችን ከዚህ ላይ ልብ እንዲልልን የምንለምነው ስለ ልብሱ ነው። እውነተኛው ሺኖቢ በጥቁር ጨርቅ ተጀቡኖ አይዞርም ነበር። እንደ ገበሬ፣ እንደ ነጋዴ ወይም እንደ መነኵሴ ለብሶ በጠራራ ፀሐይ ከሰው መካከል ይሄድ ነበር እንጂ። ጥቁሩ ልብስ የመጣው ከትያትር ቤት እንደ ሆነ ይነገራል። በጃፓን ትያትር ዕቃ የሚያቀብሉትና ትዕይንት የሚለውጡት ሠራተኞች ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰው በመድረኩ ላይ ይመላለሳሉ፤ ተመልካቹም በስምምነት እንዳላያቸው ይቆጥራል። «የማይታይ ሰው» በመድረክ ላይ ማሳየት ሲያስፈልግ ይህንኑ ልብስ ለኒንጃው አለበሱት። እንግዲህ የእኛ ልጆች የጀግና ምልክት ነው ብለው ያደነቁት ልብስ፣ በመጀመሪያው የመድረክ ዕቃ አመላላሽ ልብስ ነበረ ማለት ነው።

ከመድረክ ወደ ፊልም፣ ከጃፓንም ወደ ሌላው ዓለም በተሻገረ ጊዜ ነገሩ ይበልጥ አስደናቂ ሆነ። በ1981 «ኤንተር ዘ ኒንጃ» የሚባል ፊልም በፊሊፒንስ አገር ተሠራ። ዋናው ተዋናይ ፍራንኮ ኔሮ ጣሊያናዊ ነው። ንግግሩ የጣሊያን ቃና ስላለበት ድምፁን ሌላ ሰው ተናገረለት። ውጊያውንም ቢሆን ፊቱ በተሸፈነበት ጊዜ የሚዋጋለት ማይክ ስቶን የተባለው አሜሪካዊ የካራቴ ሊቅ ነበረ። ስለዚህ በዚያ ፊልም የምናየው ጀግና ፊቱ የአንዱ፣ ድምፁ የሁለተኛው፣ ጡንቻው የሦስተኛው ነው። ሦስት ሰዎች አንድ ሆነው ጠላትን ድል ሲነሡ፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በፊሊፒንስ ምድር ተፈጸመ ልንል እንችላለን።

ይህ ፊልም ገንዘብ በማግኘቱ ሌሎች ብዙ ተከተሉት፤ በ1983 «ሪቬንጅ ኦፍ ዘ ኒንጃ»፣ በ1985 ደግሞ «አሜሪካን ኒንጃ» ወጣ። ነገር ግን በድህነቱም በድፍረቱም ከሁሉ የሚበልጠው በሆንግ ኮንግ የሠራው ዲሬክተር ጎድፍሪ ሆ ነው። የሥራው ዘዴ ይህ ነበረ። በመጀመሪያ ከሌላ አገር፣ ከኮሪያ ወይም ከታይላንድ ወይም ከፊሊፒንስ፣ ያለቀ ፊልም ይገኛል። ቀጥሎ ጥቂት ነጮች የኒንጃ ልብስ ለብሰው በመናፈሻ ውስጥ ሲዋጉ ጥቂት ቀን ፊልም ይነሣሉ። በመጨረሻ ሁለቱ ተቆራርጠው ይሰፉና ድምፅ እንደ አዲስ ይገባባቸዋል። በዚህ ዓይነት ከአንድ ቁራጭ ብዙ ልብስ ተሰፋ። ከተዋናዮቹ አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ሪቻርድ ሃሪሰን ለጥቂት ፊልም ብቻ የሠራ መስሎት ሳለ፣ ምስሉ እየተቆረጠ እጅግ በብዙ ፊልም ውስጥ ገብቶ ተገኘ። አባቶቻችን «በሰው ወርቅ አይደምቁ» ይሉ ነበር፤ ጎድፍሪ ሆ ግን ይህን ተረት አልሰማም።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው በ1985 የወጣው «ኒንጃ ተርሚኔተር» ነው። ታሪኩ በሦስት ስለ ተከፈለ አንድ የወርቅ ሐውልት ነው፤ ሦስቱ ክፍሎች የተገጠሙለት ሰው ሰይፍ አይቆርጠውም። ባላጋራዎቹ የማስፈራሪያ መልእክት ሲልኩ የሚልኩት በሰው አይደለም፤ እየተንቀጠቀጠ በሚሄድ የልጅ መጫወቻ ሮቦት ነው። የፊልሙ ግማሽ የተወሰደው ከደቡብ ኮሪያ ፊልም ስለ ሆነ፣ ሃሪሰን በዚያኛው ፊልም ካሉት ሰዎች ጋር መገናኘት አይችልም። ታዲያ ምን ይደረግ? በስልክ ይነጋገራሉ! ስልኩም ጋርፊልድ በሚባለው ወፍራም ድመት አምሳል የተሠራ ነው። የዓለም ዕጣ ፈንታ የተንጠለጠለበትን ጉዳይ አንድ ታላቅ የኒንጃ መምህር የድመት ስልክ በጆሮው ደግኖ በቁም ነገር ሲወስን ማየት እንዴት ያለ ደስታ ነው!

ስለ እነዚሁ ፊልሞች ሌላም ልንናገር የሚገባን አለ። ኒንጃዎቹ በግንባራቸው ላይ የሚያስሩት ጨርቅ «ኒንጃ» የሚል ጽሕፈት አለበት። ይህ ማለት አንድ የምስጢር ሠራተኛ «እኔ የምስጢር ሠራተኛ ነኝ» የሚል ማኅተም በግንባሩ ላይ አስመትቶ ገበያ እንደ መውጣት ነው። እንዳይታዩም የሚለብሱት ልብስ አንዳንዱ ደማቅ ቀይ፣ አንዳንዱ ቢጫ ነው፤ የሚሸሸጉትም በለመለመ ሣር ላይ በእኩለ ቀን ነው። ሲጠፉ ጢስ ይጨሳል፤ ሲመጡም ጢስ ይጨሳል። ቃሉ ከከንፈሩ ጋር ስለማይገጥም፣ ተናጋሪው አፉን ከዘጋ በኋላ ነገሩ ይቀጥላል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ ሲኒማ በጀመረ ጊዜ ሕዝቡ የመጀመሪያውን የሲኒማ አዳራሽ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። ኋላ ግን ከሰይጣኑ ጋር ተለማምዶ አምፒርን፣ ኢትዮጵያን፣ አምባሳደርንና ራስን የመሳሰሉ ሲኒማ ቤቶች የከተማው ሰው መደሰቻ ሆኑ። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ከሲግናል ሩቅ ነበሩ። ለአንድ የሠፈር ልጅ ወደ ፒያሳ ወይም ወደ መርካቶ ለመሄድ የመኪና ገንዘብ፣ የመግቢያ ገንዘብ፣ ከዚያም በላይ የእናት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሦስቱ በአንድ ቀን የሚገናኙት በዓመት በዓል ነው።

የቪዲዮ ካሴት ግን ይህን ርቀት አጠፋው። ካሴቱ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ወደ አገራችን ደረሰ፤ ይልቁንም ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በየሠፈሩ ቪዲዮ ቤት እየበዛ ሄደ። ቪዲዮ ቤት ማለት አንድ የጭቃ ወይም የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የካሴት ማጫወቻና ከጣውላ የተመቱ ጥቂት አግዳሚዎች ማለት ነው። መስኮቱ ብርሃን እንዳያስገባ በማዳበሪያ ጆንያ ይጋረዳል። በበሩ ላይ የቀኑ ፊልም ስም በጠመኔ ይጻፋል፤ ስሙ ቢጠፋም «ኒንጃ» ወይም «ካራቴ» የሚለው ቃል ብቻ ይበቃል። ባለቤቱ በበሩ ተቀምጦ ሳንቲሙን ይቀበላል፤ ሳንቲም የጎደለውንም ልጅ ጥቂት ካስለመነ በኋላ ከፊት ለፊት መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ሲግናልም ይህን የመሰለ ቤት ነበራት፤ እኛም በመሬት ላይ ከተቀመጡት መካከል ነበርን።

ሲግናል የሚለው ስም ራሱ ከባዕድ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ምልክት ወይም ከሩቅ የሚተላለፍ መልእክት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም ላለው ሠፈር፣ በድመት ስልክ የተያያዘ ፊልም መታየቱ ሳይገባው አልቀረም።

በዚያ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያውቅ እምብዛም አልነበረም። ስለዚህ ታሪኩን የሚያስረዳ አንድ ታላቅ ልጅ አይታጣም። ይህ ልጅ ያልገባውን ነገር ሁሉ ከራሱ እየፈጠረ ይተረጉም ነበር። ፊልሙ ከሁለት ፊልሞች የተሰፋ ስለ ሆነ፣ በኮሪያ ያለው ሰው ለምን እንደሚገደል፣ በሆንግ ኮንግ ያለውም ለምን እንደሚቆጣ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ተርጓሚያችን ግን አንዱን የአንዱ ወንድም፣ ሴቲቱንም የሁለቱ እኅት አድርጎ ነገሩን ያስታርቀዋል። ሰፊው ሆንግ ኮንግ ላይ የተወውን ክር፣ የሲግናል ልጅ ቋጨው። ከብዙ ዓመት በኋላ የእነዚህን ፊልሞች ትክክለኛ ታሪክ ባነበብን ጊዜ ያዘንነው በዚህ ነው፤ የተርጓሚያችን ታሪክ ከዋናው ይሻል ነበርና።

ልጆች ዋናውን ተዋናይ «አክተሩ» ይሉታል። አክተሩ እንደማይሞት የታወቀ ሕግ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ሁሉ ወደ ብርሃን እየተንጫጫ ይወጣና ጦርነቱ በእንጦጦ ግርጌ ይቀጥላል። የእኅት ነጠላ ተሰርቆ ፊት ይጠመጠምበታል፤ የለስላሳ ቆርኪ በድንጋይ ተጠፍጥፎ የሚወረወር ኮከብ ይሆናል፤ ሰይፉም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እንጨት ላነሰው ከተማቸው ማገዶና ማገር ይሆናል ብለው ከአውስትራልያ ያስመጡት ባሕር ዛፍ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የጃፓን ሰይፍ ሆኖ ያገለግላል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

በዚያው ዳገት ላይ ሌሎች ሰዎችም ይመላለሱ ነበር። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱ ሴቶች ነበሩ። እኛ በነጠላ ተሸፋፍነን፣ «አልታየንም» ብለን ከቁጥቋጦው ውስጥ ስንዘል፣ እነርሱ መንገድ እንድንለቅላቸው ብቻ ይጠይቁን ነበር። ያን ጊዜ ያላስተዋልነውን ዛሬ እንድንናገር ይፈቀድልን። ከዳገቱ ላይ በእውነት የማይታዩት እኛ አልነበርንም፤ እነርሱ ነበሩ። በየቀኑ በፊታችን ያልፉ ነበር፤ እኛ ግን አላየናቸውም።

ነገሩ ወደ ራሳችን ታሪክ ያደርሰናል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ዘመን የውስጥ አርበኞች የሚባሉ ወገኖች ነበሩን። በከተማው ውስጥ ከጠላት ጋር እየኖሩ፣ እየነገዱና እየታዘዙ፣ ወሬውን፣ መድኃኒቱንና ጥይቱን በዱር ላሉት አርበኞች ያሳልፉ ነበር። ከእነርሱም ሸዋረገድ ገድሌን የመሰሉ ሴቶች ስማቸው በታሪክ ተመዝግቧል፤ ስማቸው ያልተመዘገበ ግን ይበዛሉ። ልብሳቸው ጥቁር አልነበረም፤ እንደ ማንኛዋም እመቤት ቀሚስና ነጠላ ነበረ። የኢጋ ሺኖቢና የአዲስ አበባ የውስጥ አርበኛ ቢገናኙ ኖሮ፣ አንዱ የሌላውን ሙያ ገና ከአካሄዱ ባወቀ ነበር። እኛ ግን የእኅታችንን ነጠላ ለኒንጃነት ሰርቀን ስንሮጥ፣ ነጠላው አስቀድሞ የእውነተኛ ሰላዮች ልብስ እንደ ነበረ የነገረን አልነበረም።

ይህን ስንል ፊልሙን ለመንቀፍ አይደለም። ይልቁንም የሚመሰገንበት አንድ ታላቅ ነገር አለ። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ፊልም ለተመልካች «እንዴት ያለ ተአምር ነው!» ያሰኘዋል፤ የኒንጃው ፊልም ግን «ይህንንስ እኔም እሠራዋለሁ» ያሰኘዋል። ክሩ የሚታይ ልብስ ስፌት ያስተምራልና። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» ከተሠራ ወዲህ በአገራችን ፊልም መሥራት የጥቂቶች ዕድል ሆኖ ኖሮ ነበር፤ ርካሹ የቪዲዮ ካሜራ በመጣ ጊዜ ግን ወጣቶች ደፍረው ገቡበት፤ በ1990ዎቹም አጋማሽ «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን የመሳሰሉ ፊልሞች ሕዝቡን በሲኒማ ቤቶች ደጅ አሰለፉት። ድፍረቱ ሁሉ ከኒንጃ መጣ አንልም፤ ነገር ግን በትንሽ ነገር ታሪክ መናገር እንደሚቻል ቪዲዮ ቤቱ አስቀድሞ ለብዙ ዓይን አሳይቶ ነበር።

የዚህም መንፈስ ምስክር የሚሆኑ ሁለት ፊልሞች አሉ። ሁለቱንም ያዘጋጀው በአዲስ አበባ የኖረው እስፓኛዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ በሁለቱም ዋናው ተዋናይ ኢትዮጵያዊው ዳንኤል ታደሰ ነው። የመጀመሪያው በ2015 የወጣው «ክራምብስ»፣ ማለት «ፍርፋሪ»፣ ዓለም ካለፈች በኋላ ስለሚሆነው ነገር በአማርኛ የሚተርክ ነው። በዚያ ዘመን ከእኛ የተረፉት ርካሽ ዕቃዎች፣ ከእነርሱም መካከል አንድ የፕላስቲክ ኒንጃ ኤሊ፣ እንደ ጥንት ቅርስ ተከብረው በአንድ ነጋዴ ፊት ይገመታሉ። ሁለተኛው በ2019 የወጣ ሲሆን ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው መንገዱን ያሳይሃል» ማለት ነው። በዚህኛው ዳንኤል ታደሰ ጋጋኖ የሚባል የስለላ ሠራተኛ ሆኖ ይጫወታል፤ ምኞቱ ግን ስለላውን ትቶ ከሚስቱ ጋር ፒዛ ቤት መክፈት ነው። ሰዎቹ ከወረቀት የተቆረጠ የታዋቂ ሰዎች ፊት አጥልቀው ይዋጋሉ፤ ድምፁም ሆን ተብሎ እንደ ጥንቱ የካራቴ ፊልም ከከንፈር ጋር እንዳይገጥም ተደርጓል። በሆንግ ኮንግ በድህነት የተሠራው ስሕተት፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በኢትዮጵያዊ ተዋናይ ፊት ላይ ሆን ተብሎ የሚሠራ ጥበብ ሆነ።

ዛሬ የሲግናልን መንገድ የሚያልፍ ሰው ያንን ክፍል አያገኘውም። ካሴቱን ዲቪዲ፣ ዲቪዲውንም የእጅ ስልክ ተካው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፤ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም የብዙ መንገዶችን ዳርቻ ለወጠው። ከተማ ሊታደስ የሚገባው ስለ ሆነ በዚህ አናዝንም። የሚያሳዝነን ቤቱ መፍረሱ ሳይሆን፣ በውስጡ የሆነው ነገር ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ኢጋ በእሳት ከጠፋች በኋላ ዕውቀቷን በመጽሐፍ የሚያኖርላት ሰው ተገኝቶ ነበር። ለሲግናል ቪዲዮ ቤት እስከ አሁን የተገኘለት የለም።

ስለዚህ አንባብያንን አንድ ነገር እንለምናለን። በቤታችሁ ቆጥ ላይ ያረጀ ካሴት፣ የቪዲዮ ቤት ሰሌዳ፣ ወይም በእጅ የተጻፈ የፊልም ዝርዝር ያላችሁ እንደ ሆነ አትጣሉት። ፊልሞችን ትተረጉሙ የነበራችሁም፣ ያን ጊዜ ከራሳችሁ ፈጥራችሁ የነገራችሁንን ታሪክ ጽፋችሁ አኑሩልን፤ ወመዘክርን የመሰለው ቤተ መዛግብታችን የነገሥታትን ደብዳቤ ካስቀመጠበት አጠገብ ለእናንተ ደብተር የሚሆን አንድ መደርደሪያ አያጣም ብለን እናምናለን። የልጅ ልጆቻችን ሲያገኙት መሳቃቸው አይቀርም። ይሳቁ፤ ብርድ ሲመጣ ግን ካፖርቱን ይደርቡታል።